ከሆስፒታል ኤሌክትሮኒክ መዝገብ የስኳር ታካሚዎችን የአገልግሎት አጠቃቀምና ወጪ ማስላት፦ ክፍያውን ደምሬ ላካፍል?

ሽምብጥ_24 | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። በከተማችን (ባሕር ዳር) ካሉ ሆስፒታሎች ከአንዱ የ2016 እና የ2017 በጀት ዓመት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተሰጥቶኛል፤ ስምና ስልክ ተነሥቶለታል። የሚፈለገው መልስ ሁለት ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዓመት ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ ስንት ቀንስ ይተኛል? ለዚህ ሁሉ ስንት ብር ይወጣል?

ያሉኝ ሰንጠረዦች አምስት ናቸው፤ ምዝገባ፣ ቪዚት፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት፣ ክፍያ። ሐሳቤ ክፍያውን በካርድ ቁጥር ደምሮ ለታካሚው ብዛት ማካፈል ነበር። ሁለት ነገር አስቆመኝ። ክፍያ ላይ ዜሮ የሆነው ረድፍ ብዙ ነው። የተኝቶ ታካሚው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ረድፍ አለ፦ ገባ 2016-01-05፣ ወጣ 2023-09-20። ሲቀነስ 2,815 ቀን! እነዚህን ጥዬ ልቀጥል ወይስ መላ አለው?

---

መዝገብ_ያዥ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡48

አትጣል። ረድፉ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ካላንደር ለብሶ ነው እንጂ። የገባበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ማለት ነው። የወጣበትን ሲጽፉ ግን በፈረንጅ ጻፉት። ሰውየው የተኛው 4 ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ከጣልክ የምትጥለው ተኝተው የታከሙትን፣ ማለትም ብዙ ወጪ ያላቸውን ነው።

ዕድለኛ ነህ፤ የሁለቱ ካላንደር ዓመቶች አይደባለቁም። 2015፣ 2016 ወይም 2017 የሚል ዓመት ካየህ በእኛ ነው፤ 2023 እስከ 2025 ካየህ በፈረንጅ። እያንዳንዱን የቀን አምድ ለብቻው ፈትሽ፤ አንዱ አምድ ንጹሕ ስለሆነ ሌላውም ንጹሕ ነው አትበል። ስትቀይር «7 ዓመት ከ8 ወር ደምር» የሚለውን ተው። የ2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የዋለው፤ የሚቀጥለው ዓመት 11 ላይ። ቀኑን በቀን ቆጥሮ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀም።

የጠፉትን ቀኖችም እይ። ሲስተሙ የቀኑን ሳጥን በፈረንጅ ሕግ የሚቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን አይቀበልም፣ 13ኛ ወር የለውማ። ጥቅምት 30ም አይገባም፤ ለሱ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው። ጸሐፊው ያለው ምርጫ ባዶ መተው ወይም ነሐሴ 30 ብሎ ማለፍ ነው። በቀን በቀን ቁጠርና ነሐሴ 30 እና መስከረም 1 ላይ ክምር ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። ሌሊት 7 ሰዓት የገባ ድንገተኛ ታካሚ «7፡00» ተብሎ ሲጻፍ ሲስተሙ ጠዋት ያደርገዋል። ወር ሙሉ ከ13፡00 በኋላ የተጻፈ አንድም ድንገተኛ ታካሚ ከሌለ ሰዓቱ በእኛ ነው የተሞላው።

አንድ ሌላ ክምር ደግሞ አለ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው በወረቀት ይቀጥላል፤ ሲመለስ የሦስት ቀኑ ሁሉ በአንድ ቀን ይገባል። የቪዚቱ ቀንና የተመዘገበበት ቅጽበት ለየብቻ ካሉህ አወዳድራቸው። የተመዘገበበት ብቻ ካለህ በሳምንት ወይም በወር ቁጠር፣ በቀን ከመቁጠር ተቆጠብ።

---

ዘጌ_ቡና | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡30

ከቀኑ በፊት ሰውየው ራሱ አንድ ሰው መሆኑን አረጋግጥ። ኤምአርኤን (የካርድ ቁጥሩ) የተቋም ቁጥር ነው፤ ካርዱ የጠፋበት ሰው አዲስ ካርድ ያወጣል፣ አንዱ ታካሚ ሁለት ይሆናል። ውጤቱን አስበው፦ በዓመት 12 ጊዜ የመጣው ሰው 5 እና 7 ጊዜ የመጡ ሁለት ሰዎች ሆኖ ይቆጠራል፤ አማካይህ ወደ 6 ወረደ። የታካሚ ብዛት ይጨምራል፣ በሰው የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል።

ችግሩ ስሙ ተነሥቷል ማለትህ ነው። ስም ከተነሣ በኋላ ማጣመር አይቻልም። ወደ ካርድ ክፍሉ ወይም ወደ ኤችአይቲው (የጤና መረጃ ባለሙያው) ተመለስና ማጣመሩን እዚያው ውስጥ ሠርተው አዲስ ኮድ ሰጥተው እንዲያወጡልህ ጠይቅ። ለነሱም ይህን ንገራቸው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ወደ አንድ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ይቀየር። «ወ/ማርያም» እና «ወልደ ማርያም» አንድ ይደረግ፣ ክፍተቱ ይነሣ። ከዚያ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት እና ጾታ ተመሳሳይ ሆኖ የልደት ዓመቱ በ5 ዓመት ውስጥ ከሆነ ለዓይን ፍተሻ ይቅረብ። 5 ያልኩት ዕድሜ ሲጠየቅ 40፣ 45፣ 50 እየተባለ ስለሚጻፍ ነው። በስልክ ብቻ እንዳያጣምሩ! አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው የሚሞላው።

ኤክሴል ላይ ከፍተኸው ከነበረ ደግሞ 004512 የነበረው ካርድ 4512 ሆኗል። አንዱ ሰንጠረዥ በኤክሴል አልፎ ሌላው ካላለፈ ሲገናኙ ግማሹ ይወድቃል፤ «መድኃኒት ያልወሰደ ታካሚ» የሚመስልህ እሱ ነው።

---

ፈጣን_መልስ | ሰኞ፣ ቀን 6፡15

ምን ያንዛዛል? ሆስፒታሉ የዋጋ ዝርዝር አለው። ቪዚቱን በካርድ ዋጋ፣ ላብራቶሪውን በዋጋው፣ መድኃኒቱን በዋጋው አባዛ፤ አለቀ።

---

ሥሌት | ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

@ፈጣን_መልስ አለቀ የሚባለው ጥያቄው «ታካሚው ወይም መድህኑ ስንት ይጠየቃል?» ከሆነ ነው። ጥያቄው «አገልግሎቱን መስጠት ስንት ይፈጃል?» ከሆነ ግን የዋጋ ዝርዝሩ መልስ አይሆንም። የሐኪሙና የነርሷ ደመወዝ በመንግሥት በጀት ነው የሚከፈለው፤ ሕንፃውም፣ አልጋውም እንዲሁ። የካርድ ዋጋው ይህን አይሸከምም፣ እንዲሸከምም አልተሠራም።

ሽምብጥ፣ የዜሮዎችህ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ዜሮ የተጻፈበት ረድፍ ቢያንስ አራት ዓይነት ነው። ከክፍያ ነፃ የሆነ አገልግሎት አለ፤ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ወሊድ፣ ክትባት። የማአጤመ (ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን) አባል አለ፤ ታካሚው አይከፍልም፣ ሒሳቡ ግን ለመድህኑ ይላካል። አቅም የሌለው ተብሎ በወረዳው የሚሸፈንለት አለ። አራተኛው ካሸሩ ሳይጽፈው የቀረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወጪ አላቸው፤ ገንዘቡ በሌላ በር ስለገባ ነው ዜሮ የሆኑት። አራተኛው ደግሞ የጠፋ መረጃ ነው። የከፋይ ዓይነት የሚል አምድ ምዝገባው ላይ ካለ ለይ፤ ከሌለ ከሒሳብ ክፍል የማአጤመ ዝርዝር ጠይቅ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ብዛቱን ከመዝገቡ ውሰድ፣ የአንዱን ዋጋ ከሌላ ቦታ አምጣ። ስንት ቪዚት፣ ስንት የአልጋ ቀን፣ ስንት ምርመራ፣ ስንት ፍሬ መድኃኒት፤ ለዚህ መዝገቡ ጎበዝ ነው። ለብሩ ግን የሒሳብ ክፍልና የንብረት ክፍል ሰነድ ያስፈልግሃል።

የባለሙያ ጊዜ እንዴት ይሰላል? በዓመት 260 የሥራ ቀን አለ እንበል። በዓል፣ ዓመት ፈቃድና ሥልጠና ሲወጣ 220 ቀን ይቀራል። በ8 ሰዓት 105,600 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው 80 በመቶ ቢሆን 84,480 ደቂቃ። የአንድ ነርስ ደመወዝና ጥቅማጥቅም በዓመት 211,200 ብር ነው ብለን ብናስብ ደቂቃዋ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ትመጣለች። የክትትል ቪዚት 12 ደቂቃ ከፈጀ 30 ብር። በ105,600 ብታካፍል ኖሮ 24 ብር ይወጣህ ነበር፤ ልዩነቱ ሥራ የፈታው ጊዜ ማን ላይ ይጫን የሚለው ነው። 12 ደቂቃዋን ግን ከወንበር ላይ ሆነህ አትገምት። ክትትል ክፍሉ በር ላይ ሰዓት ይዘህ በተለያየ ቀን 30 እና 40 ቪዚት ለካ፤ ሰኞና ዓርብ አንድ አይደሉም።

የአልጋ ቀን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። አስተዳደር፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ልብስ ንጽሕና፣ ወጥ ቤት የየራሳቸውን ዓመታዊ ወጪ ይዘው ይደለደላሉ፤ አስተዳደሩ በሠራተኛ ቁጥር፣ ጽዳቱ በካሬ ሜትር፣ ልብስ ንጽሕናው በኪሎ ወይም በአልጋ ቀን። ብዙ ክፍል ከሚያገለግለው ትጀምራለህ፤ አንዴ ያከፋፈልከው ክፍል ዳግም አይቀበልም። የዋርዱ ድምር ከታወቀ በኋላ ጥቅም ላይ በዋለው የአልጋ ቀን ታካፍላለህ።

ወጥመዱ ማካፈያው ነው። የ30 አልጋ ዋርድ የዓመት ወጪው 6,570,000 ብር ነው እንበል። አልጋው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ቢያዝ 10,950 የአልጋ ቀን ነው፣ አንዱ 600 ብር። 60 በመቶው ብቻ ቢያዝ 6,570 ቀን፣ አንዱ 1,000 ብር። ሕክምናው ያው፣ ታካሚው ያው፣ ዋጋው ግን በሁለት ሦስተኛ ጨመረ። መንገድ ተዘግቶ ታካሚ የቀነሰበት ዓመት ካለህ የአልጋ ቀኑ ተወደደ ብለህ እንዳትጽፍ፤ የአልጋ መያዣ መጠኑን አብረህ አስቀምጥ።

ሌላም አለ፤ የዋርዱ ወጪ ውስጥ መድኃኒት ካለበት፣ ከፋርማሲው ሰንጠረዥ ደግሞ መድኃኒት ከደመርክ ሁለት ጊዜ ቆጠርክ። ወይ ከዋርዱ አውጣው ወይ ከፋርማሲው ተው።

ዕቃ የሚቆየው ዓመት ይከፋፈላል። 5 ዓመት የሚያገለግል 458,000 ብር የወጣበት መሣሪያ ዝም ብሎ ለ5 ሲካፈል 91,600 ነው። ገንዘቡ ታስሮ የቆየበትን በ3 በመቶ ካሰብክ ማካፈያው 4.58 ይሆንና በዓመት 100,000 ይመጣል። የሁለተኛውን ተጠቀም፤ የገዛህበትን ሳይሆን ዛሬ ቢገዛ የሚያወጣውን ዋጋ ያዝ።

---

ፈጣን_መልስ | ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡40

እሺ ተረታሁ። ግን ለመድህኑ ቦርድ የሚቀርብ ከሆነ የኔው ይበቃል።

---

መድህን_ሒሳብ | ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡12

ለመድህኑም አይበቃም። የተላከ ሒሳብና የተከፈለ ሒሳብ ሁለት ነገር ነው። ኦዲቱ ላይ የሪፈር ወረቀት የሌለው፣ አባልነቱ ያልታደሰ፣ የመድኃኒቱ ብዛት ከማዘዣው ጋር ያልገጠመ ይወድቃል። የመድህኑ ወጪ የተከፈለው ነው፤ የሆስፒታሉ ገቢም የተከፈለው ነው። ከኤሌክትሮኒክ መዝገቡ የምታገኘው ግን የተላከውን ነው።

ስለ ማካፈያው ልጨምር። «በሺህ ሰው ስንት ቪዚት» ማለት ከፈለክ ሕዝቡ ስንት ነው? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ባሕር ዳር በዚያ ትንበያ ልክ አላደገችም፤ ተፈናቃዩም አለ፣ ተማሪውም አለ። አስተማማኙ ማካፈያ የማአጤመ አባላት መዝገብ ነው፤ የማን አባልነት ከስንት እስከ ስንት እንደነበር ይታወቃል። መድህኑ በሙከራ ሲጀመር በ2003 ዓ.ም. ከተመረጡት 13 ወረዳዎች ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ደቡብ አቸፈርም እንዲሁ። በጣና ዙሪያ ረጅም የአባልነት ታሪክ ያለው መረጃ ከፈለክ እዚያ ነው። ግን የራሱ ጠማማነት አለው፤ መታመሙን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመዘገባል፣ ስለዚህ የአባል አጠቃቀም ከሌላው ይበልጣል።

አድራሻ ላይ «ባሕር ዳር» የሚለውን አትመን። ጸሐፊው ሲቸኩል ቀድሞ የተሞላውን ትቶ ያልፋል። ከጣናዋ ደሴት ከደቅ በጀልባ የመጣውም፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣውም የከተማ ነዋሪ ይሆናል። ቀበሌ ባዶ ሆኖ ከተማ ብቻ ከተሞላ ያልታወቀ ብለህ ያዘው።

---

ቀበሌ_ፋርማሲ | ሰኞ፣ ማታ 1፡25

የመድኃኒት ሰንጠረዡን ሳታጸዳ ብር እንዳታበዛበት። «ብዛት» የሚለው አምድ መለኪያ የለውም። ሜትፎርሚን 500 በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው በወር 60 ፍሬ ነው። አንዱ ባለሙያ 60 ይጽፋል፣ ሌላው ባለ 10 ፍሬ ስትሪፕ ቆጥሮ 6 ይጽፋል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት የብዛቱን ስርጭት አውጣና እይ፤ 6፣ 9፣ 60፣ 90 ላይ ጉብታ ካለ ሁለት መለኪያ ተደባልቋል ማለት ነው። በፍሬ ዋጋ ካባዛኸው ባለ 6ቱ አንድ አሥረኛ ይወጣል።

ኢንሱሊን ላይ ደግሞ አንዱ «1» ብሎ ቫያል፣ ሌላው «10» ብሎ ሚሊ ሊትር ይጽፋል፤ አንዱ ቫያል 10 ሚሊ ነውና። በዩኒት ወጪ የሚያሰሉም አሉ፤ ያ ስሕተት ነው። በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ28 ቀን 560 ዩኒት ነው የሚጠቀመው። ቫያሉ 1,000 ዩኒት አለው፣ ግን ተከፍቶ 28 ቀን አካባቢ ሲሞላው ይጣላል። 440ው ዩኒት አብሮ ተጣለ። የወር ወጪው አንድ ሙሉ ቫያል እንጂ 56 በመቶው አይደለም። ሲሪንጁንም አትርሳ፤ ብዙ ጊዜ ፋርማሲው ሰንጠረዥ ላይ የለም፣ በሕክምና ዕቃ ነው የሚወጣው።

ዋጋውን ከመደርደሪያ ዝርዝር ሳይሆን ከሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ሰነድ) ላይ ውሰድ። አንዱ መድኃኒት በዓመት ውስጥ በሦስትና አራት ባች በተለያየ ዋጋ ይገባል፤ ብዛቱን ይዘህ የተመዘነ አማካይ አውጣ። ሆስፒታሉ ኤፒቲኤስ (ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት ግብይት አሠራር) የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የባች ዋጋው ሽያጩ ላይ አብሮ አለ።

ታዘዘ፣ ወጣ፣ ተከፈለ ሦስት ነገሮች ናቸው። የወጣውን ቁጠር። የታዘዘውና ያልወጣው መድኃኒት አልቆ ነው፤ ሰውየው ከግል መድኃኒት ቤት ገዝቷል ወይም ሳይገዛ ቀርቷል። ከሆስፒታሉ አንጻር ወጪ የለም። ከታካሚው አንጻር ግን ዋናው ወጪ እሱ ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡ ደግሞ አያየውም። ላብራቶሪም እንዲሁ ነው፦ ውጤት የተጻፈለትን ብቻ ቁጠር፤ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) የለም ተብሎ የተመለሰ ትእዛዝ ሰንጠረዡ ላይ እንደ ምርመራ ተቀምጦ ይቆያል።

---

ሽምብጥ_24 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ አሠራችሁኝ። ቀኑ ተስተካክሏል፤ ካርድ ቁጥሩን እንዲያጣምሩልኝ ተመልሼ ጠይቄያለሁ። አሁን የቀረኝ፦ የስኳር ታካሚ የምለው ማንን ነው? የምርመራ ኮዱን ብቻ ልያዝ? ሁለተኛው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልቆዩትን እንዴት ላድርግ? ስታቲስቲካዊ ትንታኔው ላይ በአማካይ ፈንታ ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ልጠቀም አስቤ ነበር፤ ስርጭቱ በጣም ያዘነበለ ነው።

---

ቤዛዊት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሚዲያን አይሆንም። አሥር ሰው ውሰድ። ዘጠኙ 1,000 ብር አስወጡ፣ አንዱ እግሩ ቆስሎ ተኝቶ 41,000 አስወጣ። አማካይ 5,000፣ ሚዲያን 1,000። ለ200 ሰው በጀት ሲያዝ የሚያስፈልገው 1,000,000 ነው፤ በሚዲያን 200,000 ብለህ ትጽፍና ዓመቱ ሳይጋመስ ገንዘቡ ያልቃል። ሚዲያኑን ለመግለጫ አስቀምጠው፣ ሒሳቡ በአማካይ ይሁን። ያን 41,000 ደግሞ «ወጣ ያለ ቁጥር» ብለህ እንዳትቆርጠው። ስሕተት መሆኑን ከካርዱ ካላረጋገጥክ ሰው ነው።

ሎግ አድርጎ ተራ ሪግሬሽን ሠርቶ መልሶ መገልበጥም የተለመደ ስሕተት ነው። የሎጉ አማካይ ሲገለበጥ የብሩን አማካይ አይሰጥም፤ ዝቅ ያለ ነው የሚሰጠው። የዱዋን ማስተካከያ (1983) አለ፤ ግን የስሕተቱ ስፋት ከቡድን ቡድን ሲለያይ እሱም ያሳስታል። ጋማ ስርጭት በሎግ ሊንክ ያለው ጂኤልኤም (ጀነራላይዝድ ሊኒየር ሞዴል) ይሻልሃል፤ ስታታ እና አር በሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ላይ አንድ መስመር ነው። ዜሮ ብዙ ከሆነ በሁለት ክፍል ሥራው፦ መጀመሪያ ተኝቷል አልተኛም የሚለው በሎጂስቲክ፣ ቀጥሎ ከተኙት መካከል ስንት ወጣ የሚለው በጋማ፤ ከዚያ ሁለቱ ይባዛሉ። የቪዚት ቁጥር ላይ ፖይሰን የሚባለው የቆጠራ ሞዴል አይበቃም፣ ኔጋቲቭ ባይኖሚያል የሚባለውን ከክትትል ጊዜው ጋር ተጠቀም። የመተማመኛ ወሰኑን በቡትስትራፕ (ከራስህ መረጃ ደጋግመህ በዕጣ እየመረጥክ በማስላት) አውጣ፤ የምትመርጠው ታካሚን እንጂ ቪዚትን እንዳይሆን። የአንድ ሰው ቪዚቶች ዘመዳሞች ናቸው።

ዓመት ስላልሞሉት፦ 400 ታካሚ፣ 1,200 ቪዚት ይኑርህ። ለ400 ስታካፍል 3 ነው። ግን ግማሹ በዓመቱ መካከል ከተመዘገበ በክትትል ላይ የቆዩት ድምር 300 የሰው ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 4 ቪዚት ነው። ድምሩን ለድምር አካፍል። የያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ወደ ዓመት አሳድጎ አማካይ መውሰድ አደገኛ ነው፤ አንድ ወር ቆይቶ 30,000 ብር አስወጥቶ የሞተ ሰው በ12 ሲባዛ 360,000 ይሆናል። ያን ገንዘብ ማንም አላወጣውም።

ሞትና መጥፋት አንድ አይደሉም። የሞተ ሰው ወጪው በእውነት አልቋል፤ ከሞተበት በኋላ ያለው ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው። የጠፋው ግን ሌላ ቦታ እየታከመ ይሆናል፤ ዜሮው መረጃ ማጣት ነው። ለጠፉት ጊዜውን በሦስት በሦስት ወር ከፍለህ በየክፍሉ ገና በክትትል ላይ ያሉትን አማካይ ወጪ ወስደህ በየክፍሉ መጀመሪያ በሕይወት የመኖር ዕድል እያባዛህ ደምር፤ ሊንና ባልደረቦቹ በ1997 ያቀረቡት ዘዴ ነው። ዘዴው የሚሠራው የሞት መረጃህ ልክ ከሆነ ነው፤ ቤቱ የሞተውን ሆስፒታሉ «ጠፋ» ነው የሚለው።

---

መዝገብ_ያዥ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡00

ማንን የስኳር ታካሚ እንበል ለሚለው፦ ኮድ ብቻውን አይታመንም። በአይሲዲ-11 (በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር) ዓይነት 2 ስኳር 5ኤ11 ነው፣ ዓይነት 1 ደግሞ 5ኤ10። ሐኪሙ የመጀመሪያውን የመጣለትን ይነካል፤ ለማጣራት ደም የተወሰደለት ሁሉ «ስኳር» ሊባል ይችላል። መድኃኒት ብቻም አይሆንም፤ ሜትፎርሚን ለሌላ ችግርም ይታዘዛል። ሁለቱን አጣምር፦ ቢያንስ 30 ቀን የተራራቁ ሁለት ቪዚቶች ላይ ኮዱ ካለ፣ ወይም ኮዱ አንድ ጊዜ ኖሮ የስኳር መድኃኒት ከወጣለት። በእርግዝና ወቅት የታየውን ለይ።

ከዚያ 100 ካርድ በዕጣ አውጣና ወረቀቱን አንብብ። 88ቱ እውነተኛ ከሆኑ ትርጓሜህ 88 በመቶ ይታመናል፣ ያንን ጻፍ። ካርድ ክፍሉ «አልተገኘም» ያለህን በሌላ አትተካ፤ ያልተገኙት ካርዶች ብዙ ጊዜ የሞቱትና ዋርድ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ተኝቶ ታካሚው ላይ፣ ከውስጥ ደዌ ወደ ጽኑ ሕሙማን የተዛወረ ሰው ሁለት ረድፍ አለው። የወጣበትና ቀጥሎ የገባበት ቀን አንድ ወይም ተከታታይ ከሆነ አንድ መተኛት አድርገው። በገባበት ቀን የወጣ 1 ቀን ይቆጠርለት።

---

ሥሌት | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡30

ሁለቱን ዓመት ስትደምር ብሩ አንድ ብር አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሪኤጀንትና መድኃኒት ዋጋው አሻቅቧል፤ ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሄደም። ሁሉን በአንድ የዋጋ ግሽበት ቁጥር ብታስተካክል ደመወዙን አሳብጠህ መድኃኒቱን ታሳንሳለህ። ብዛቱን ከየዓመቱ ውሰድ፣ ዋጋውን ግን ሁሉንም በ2017 አድርግ፤ መድኃኒትና ሪኤጀንት በ2017 ሞዴል 19፣ ደመወዝ በ2017 ስኬል። ያኔ ግሽበት ማስተካከያ አያስፈልግህም።

---

ዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡45

ብዛቱን ከዲኤችአይኤስ 2 (ጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ከሚልኩበት ሥርዓት) ጋር ሳታመሳክር አትለፍ፤ ስታመሳክር ግን የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ 20 መሆኑን አትርሳ። የጥቅምት ሪፖርት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ነው። ከወር 1 እስከ 30 ቆጥረህ ብታወዳድር ሁሌም አይገጥምም፣ ጥፋቱንም ኤችአይቲው ላይ ትጥላለህ።

ዓመት ሙሉ ውሰድ ያለህ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔ ልበል። እዚህ ጣና ዳር ወባው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድንገተኛውን ያጨናንቀዋል፤ የስኳር ታካሚውም በወባ ይተኛል። የሦስት ወር መረጃ ወስደህ በአራት ብታባዛ ከየትኛው ሦስት ወር እንደወሰድክ ነው መልሱ የሚወሰነው። ደግሞ የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት የተጀመረበትን ወር ጠይቅ፤ ከዚያ ወዲህ ቪዚቱ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱ ያው ነው።

---

ሽምብጥ_24 | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ሁለት ሰንጠረዥ ለመሥራት ወስኛለሁ፤ አንዱ ከሆስፒታሉ አንጻር፣ አንዱ ከመድህኑ። ከታካሚው አንጻር ያለውን፣ የጀልባውንና የባጃጁን፣ ከግል የተገዛውን መድኃኒት፣ ከመዝገቡ ስለማይገኝ ለ120 ታካሚ አጭር መጠይቅ ለብቻው አደርጋለሁ። የስኳሩን ተጨማሪ ወጪ ለማወቅ ደግሞ ስኳር የሌለባቸውን የዚያው ሆስፒታል ታካሚዎች በዕድሜ፣ በጾታና በቀበሌ አጣምሬ ላወዳድር ነው። ይበቃል?

---

ቤዛዊት | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

ማወዳደሪያዎችህ ታመው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከጤነኛው ሕዝብ በላይ ያስወጣሉ። ስለዚህ የስኳሩ ተጨማሪ ወጪ አንሶ ይታይሃል። ከመድህኑ አባላት መዝገብ፣ ሆስፒታል ያልመጡትን ጨምሮ፣ ብታወጣ ይሻላል፤ ያልመጣው ወጪው ዜሮ ሆኖ ይገባል። ካልተቻለ አቅጣጫውን ጽፈህ እለፍ።

እርግጠኛ ያልሆንክባቸውን ሦስት ቁጥሮች እያንቀሳቀስክ ውጤቱን እይ፦ የአልጋ መያዣ መጠኑን 60 እና 85 በመቶ፣ የቪዚቱን ደቂቃ 8 እና 16፣ የኢንሱሊኑን ቫያል ከነብክነቱና ያለ ብክነቱ።

---

መድህን_ሒሳብ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡50

የመድህን መዝገብና የሆስፒታል መዝገብ ማገናኘት ከጀመርክ አዲስ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ በመጀመሪያው አይሸፈንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደግሞ ጥብቁ ክፍል ውስጥ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አውጣ። ማገናኛ ቁልፉ ሆስፒታሉ ጋር ይቅር፣ አንተ ጋር ኮዱ ብቻ። ውጤት ስታወጣ ከ5 ሰው በታች ያለበትን ሳጥን ሸፍን። ከአንዲት ደሴት ቀበሌ የመጣች የ70 ዓመት እግሯ የተቆረጠ ሴት ስሟ ባይጻፍም ማን እንደሆነች ቀበሌው ያውቃል።

---

ዘጌ_ቡና | ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡02

የተጣመረውን ፋይል ሲልኩልህ ኤክሴል ላይ በመንካት አትክፈተው። ከ«ዳታ» ማስገቢያው ግባና የኮዱን አምድ «ቴክስት» ብለህ አስገባው፤ አለዚያ ዜሮዎቹ ደግመው ይሄዳሉ።